በቁሓ ፀሐይ ስክሪኑን አትመኑ
በጥር፣ በሠርግ ወር፣ ስድስት ሰዓት ላይ ትግራይ፣ ቁሓ ውስጥ ካሜራ ይዞ የወጣ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያየው የገዛ ፊቱን ነው። አገሩ ከባሕር ወለል ከ2200 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋ ደመና የለም፤ የሠርገኛው ነጭ ነጠላ ደግሞ ብርሃኑን እየመለሰ ይረጨዋል። ያኔ ነው ከስክሪኑ በላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ፣ ቪውፋይንደር፣ ጥቅሟ የሚታወቀው።

በዲኤስኤልአር ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ በስተኋላ 45 ዲግሪ ያዘነበለ መስታወት አለ። የገባውን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ፕሪዝም ወይም ሌሎች መስታወቶች አቅንተው ለዓይን ያደርሱታል። እንግዲህ የሚታየው ራሱ ትዕይንቱ ነው፤ ፎቶው ይጨልም ወይም ይንጣ አይናገርም። መስታወት የሌላቸው አዳዲሶቹ ካሜራዎች ግን ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ስክሪን ስላላቸው ውጤቱን አስቀድመው ያሳያሉ። ለእኔ ትልቁ ብልጫቸው ይኸው ነው።

የኋላ ስክሪን ባትሪም ይበላል። የካኖን 5ዲ ማርክ ፎር አምራች ራሱ በአንድ ባትሪ በቀዳዳው 900፣ በስክሪኑ ደግሞ 300 ያህል ፎቶ ነው የሚገምተው። መብራት በጠፋ ሰሞን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከቀዳዳው ጎን ያለችውን ትንሽ ጥርሳም መዞሪያ ብዙ ሰው ነክቷት አያውቅም። ቁሓ በዓይን ሕክምናዋ ስሟ የሚነሳ አገር ናት፤ መዞሪያዋም የመነጽርን ሥራ ነው የምትሠራው። ሲያዞሯት የሚነሳውን ሰው ሳይሆን ቀዳዳው ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ማየት ነው፤ እነሱ ጥርት ሲሉ ይበቃል። «ሌንሱ ደበዘዘብኝ» ብሎ ጥገና የሚሮጥ አለ፤ ችግሩ እሷ ብቻ ሆና ትገኛለች።

በመስታወት ካሜራ ቀዳዳ ፀሐይን ቀጥታ ማየት ግን ዓይን ያጠፋል፤ ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ ነው የሚልከው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም ፀሐይ በግርዶሽ ላሊበላ ላይ ቀለበት ስትሠራ ያለ ማጣሪያ ካሜራ ማነጣጠር ያስፈራ የነበረውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ስክሪኑ ለምኑ ነው? ካነሱ በኋላ ለማየት፤ ያውም ምስሉን ሳይሆን የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ፣ ሂስቶግራሙን። ምስሉ ፀሐይ ላይ ጨለማ ይመስላል፤ ማታ ደግሞ ጨለማው ፎቶ ብሩህ መስሎ ይሸነግላል። ሂስቶግራሙ ግን ቀን ከሌት አንድ ነው፤ ቀኝ ጠርዝ ላይ ከተከመረ የነጠላው ጥለት ቢተርፍም የነጩ ሽመና ጠፍቷል ማለት ነው፤ ብርሃኑን ትንሽ መቀነስ።

የጓይላ ጨፋሪው ክብ ሠርቶ ሲዞርና ከፊት የቆመው ሰው ሲጋርድ ግን ቀዳዳው አይረዳም። ካሜራውን ከራስ በላይ አንስቶ ተጣጣፊውን ስክሪን ወደ ታች ማጠፍ ነው። የቆዩት ዲኤስኤልአሮች በስክሪን ሲሆኑ ፎከስ ለመያዝ ይዘገያሉ፤ ስለዚህ ጨፋሪው የሚያልፍበትን ቦታ ቀድሞ ፎከስ አድርጎ መጠበቅ ይሻላል።