የራቫል ጤና ጣቢያ፦ ብርሃን መድኃኒት በነበረበት ዘመን

የባርሴሎና አሮጌ ሰፈር ራቫል የታፈነው በግንብ ነው። የከተማዋ ቅጥር እ.ኤ.አ. በ1854 መፍረስ እስኪጀምር ድረስ ከቅጥሩ ውጭ መገንባት ክልክል ስለነበር ፋብሪካውም ሠራተኛውም እዚያው ተፋፍጎ ኖረ። ቤቶቹ ወደ ላይ አደጉ፤ መንገዱ እንደ ጠበበ ቀረ። ፀሐይ የማያገኝ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ ማደር ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ በር መክፈት ነው።

በ1930ዎቹ ለበሽታው ፍቱን መድኃኒት አልነበረም። ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። ሐኪሞች የሚያዙት ዕረፍት፣ ጥሩ ምግብ፣ ንጹሕ አየርና ፀሐይ ነበር። የካታሎኒያ ራስ ገዝ መንግሥት በራቫል የሳንባ ነቀርሳ ክሊኒክ እንዲሠሩ ያዘዛቸው ሦስት አርክቴክቶች፣ ዦሴፕ ሉዊስ ሰርት፣ ዦሴፕ ቶሬስ ክላቬ እና ዦአን ባቲስታ ሱቢራና፣ ይህንኑ የሐኪም ትእዛዝ ሕንጻ አደረጉት።

ሥራው በ1934 ተጀመረ። እንደ ጎረቤቶቹ ቦታውን ሁሉ በግንብ አልሞሉትም። ሁለት ክንፎችን በማዕዘን አጋጥመው መሐሉን ለአትክልት ተዉት፤ በሽተኛው ወደ ሐኪሙ ይደርስ የነበረው በዛፎች መካከል አልፎ ነው። ክብደቱን የሚሸከመው የብረት አጽም ስለሆነ ግድግዳው ለሰፋፊ መስኮቶች ነጻ ወጣ። በዚያው ሰፈር አርክቴክቱ ጋውዲ ለባለጸጋው ጉዌል የሠራው ቤተ መንግሥት አለ፤ በጌጥ የተንቆጠቆጠ ድንቅ ሥራ ነው። እዚህ ግን ለድሃው የተሰጠው ጌጥ ብርሃኑ ራሱ ነው፤ ለእኔ ይህኛው ይበልጣል።

አርክቴክቶቹ የነበሩበት ጋትክፓክ የተባለው ቡድን ከአርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ ጋር ሆኖ የባርሴሎናን አዲስ ፕላን ነድፎ ነበር። ፕላኑ አሮጌውን ከተማ ለማጽዳት ብዙ ቤት ማፍረስን ይጠይቅ ስለነበር፣ ሳይፈጸም መቅረቱ ደግ ሆነ እላለሁ። ክሊኒኩ ሰፈሩን ሳያጠፉ ማዳን እንደሚቻል አሳይቷልና።

የክሊኒኩ ግንባታ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት መካከል፣ በ1938 አለቀ። ቶሬስ ክላቬ በጥር 1939 ግንባር ላይ ተገደለ። ሰርት ተሰደደ፤ በኋላም አሜሪካ ውስጥ የሃርቫርድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ዲን ሆነ።

ሕንጻው በኋላም የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሆኖ አገልግሏል፤ የተሰየመውም የሳንባ ነቀርሳ ሐኪም በነበሩት በዶክተር ሉዊስ ሳዬ ስም ነው። ባርሴሎና ከሄዳችሁ የጋውዲን ሥራዎች ካያችሁ በኋላ ሕንጻው ወዳለበት ወደ ቶሬስ ኢ አማት ጎዳና ጎራ በሉ። ለሕሙማን የተሠራ ቤት ነውና በጸጥታ ተመልከቱት።