የጀልባ ሞተር ነዳጅ መስጫ አገጣጠም

በጣና በደንገል ታንኳ የሚሄድ ሰው መቅዘፉን ሲተው ታንኳው ይዘገያል። ሞተር ግን እጅ ቢለቁትም መግፋቱን አይተውም። አጎቴ ከዋንዛ ሳንቃ በገዛ እጁ ለሠራት ጀልባ ሞተር በገጠመ ጊዜ ይህን ያወቅነው በድንጋጤ ነው።

ነጂው ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው እንደ ብስክሌት ፍሬን ያለ ካቮ፣ ይኸውም በልባስ ውስጥ የሚንሸራተት የብረት ሽቦ ነው። አንዱ ጫፍ ከእጅ ማንሻው፣ ሌላው ከካርቡራቶሩ መክፈቻ ጋር ይያያዛል። ብዙ ሰው ሽቦውን ያጠብቅና ልባሱን ይረሳል። ነገር ግን ልባሱ በሁለቱም ጫፍ ካልታሰረ፣ ማንሻው ሲንቀሳቀስ የሚሸሸው ልባሱ ነው እንጂ መክፈቻው ንቅንቅ አይልም።

እኛ ማሰሪያውን በምስማር መትተን ነበር። ሳንቃው ሲርስ፣ ሞተሩም ሲያንቀጠቅጠው ምስማሩ ተነቀለ። ወደ ዳር ስንቃረብ አጎቴ ማንሻውን ቢመልስ ሞተሩ አልበርድ አለ፤ ከደንጊያው ልንላተም ጥቂት ሲቀረን አጠፋው። እናቴ ይህን የምትሰማው ገና ዛሬ፣ ከዚህ መጽሔት ላይ ነው።

ስለዚህ ማሰሪያው ሳንቃውን ዘልቆ በሚያልፍ ቡሎን፣ ከጀርባውም ሰፊ ሮንዴላ ተደርጎ ይጠበቃል። ካቮው በሰፊው ይታጠፍ፤ በጠባቡ ከታጠፈ ሽቦው ይይዛል። ማንሻውም ባቆሙት ቦታ እንዲቆይ ጠበቅ ይበል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ጀልባይቱ ታስራ፣ ማርሹ ባዶ ሆኖ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር ነው። ያን ጊዜ የሞተሩ ድምፅ ከጨመረ ካቮው አጥሮ ተወጥሯል፤ ረዘም ያለ ሳይገጠም ከዳር መነሣት አይገባም።