በየቀኑ 10 ደቂቃ ዮጋ፦ ልማዱን የሚያጸናው ምንድን ነው?

ዮጋ መጀመር ቀላል ነው። ከባዱ ሦስተኛው ሳምንት ላይ መድረስ ነው። ስልክዎ ላይ ቪዲዮ ከፍተው፣ ምንጣፍ ዘርግተው ሁለት ሦስት ቀን ይሠራሉ። ከዚያ አንድ ቀን መብራት ይጠፋል፣ ሌላ ቀን እንግዳ ይመጣል፣ በሦስተኛው ቀን በቃ ይረሳል። ብዙ ሰው ይህ ሲደርስበት "እኔ ሰነፍ ነኝ" ብሎ ይተወዋል። የልማድ ሳይንስ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ያየዋል። ብዙውን ጊዜ የጎደለው ጉብዝና ሳይሆን እንቅስቃሴው በዕለቱ ውስጥ የሚታሰርበት ቦታ ነው።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በተለይ ያሰብነው አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ መቂ፣ ባቱ (ዝዋይ) እና ሻሸመኔ ያሉ አንባቢዎቻችንን ነው። ሁለት ጥያቄዎችን እናያለን። አንደኛው፣ ዮጋን የዕለት ልማድ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? ሁለተኛው፣ የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ከመጀመሩ በፊት ምን ማጣራት አለበት? ሁለተኛውን ጥያቄ ሌላ አገር በተጻፉ የዮጋ መጻሕፍት ውስጥ አያገኙትም፤ ምክንያቱም መነሻው የምንጠጣው ውሃ ነው።

ለመሆኑ ይጠቅማል?

በአካባቢያችን ቀኑን አጎንብሶ ወይም ተቀምጦ የሚያሳልፍ ሰው ብዙ ነው። የባጃጅ ሹፌር ከንጋት እስከ ምሽት ከመቀመጫው አይነሳም። በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፋ ሠራተኛ ማሽን ላይ እንደተደፋ ይውላል። በመቂና በባቱ ቲማቲም የሚለቅመው፣ ሽንኩርት የሚነቅለው ወገቡን አያቀናም። ተማሪውም ስልኩና ደብተሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ያመሻል። ሲመሽ የሁሉም ቃል አንድ ነው፦ "ኧረ ወገቤን!"

ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና መረጃ ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምገማ 21 ሙከራዎችንና 2,223 ተሳታፊዎችን አይቷል። የቆየ የወገብ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ዮጋ የሠሩት፣ ምንም እንቅስቃሴ ካላደረጉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የዕለት ሥራ የመሥራት አቅማቸው በትንሹ ተሻሽሏል፤ ሕመማቸውም በመጠኑ ቀንሷል። ለወገብ ተብሎ ከሚሠራ ሌላ ስፖርት ጋር ሲነጻጸር ግን ዮጋ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። አንዳንዶችም በዮጋው ምክንያት ሕመሙ ብሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ አብዛኞቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው 320 ሰዎችን አሳትፎ፣ በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንታት የተሰጠ ዮጋ ከፊዚዮቴራፒ እንደማያንስ አሳይቷል።

ስለዚህ ዮጋ ተአምር አይሠራም፤ ባዶም አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ ርካሽ መሆኑ ነው። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የምትሆን ቦታ ትበቃዋለች። ነገር ግን ጥቅሙ የሚገኘው የሚቀጥል ከሆነ ብቻ ነው። ወደ ዋናው ጥያቄ እንለፍ።

"21 ቀን" የሚባለው ከየት መጣ?

"አንድን ነገር 21 ቀን ከደጋገሙት ልማድ ይሆናል" ሲባል ሳይሰሙ አይቀሩም። የዚህ ወሬ ምንጭ ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚወስድባቸው ጻፈ። "ቢያንስ" የምትለው ቃል በአፍ ስትዞር ጠፋች፤ የመልክ ነገርም የልማድ ሕግ ሆኖ ቀረ።

ነገሩን በትክክል የለካችው ለንደን በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊ ከባልደረቦቿ ጋር ነበረች። 96 በጎ ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ነገር መረጡ። "ከቁርስ በኋላ" እንደሚባለው በየቀኑ ከሚደርስ ነገር ጋር አያይዘውም ለ12 ሳምንታት ሠሩት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ልማዱ በግልጽ ሲጠነክር ከታየባቸው ሰዎች ውስጥ መካከለኛው ቁጥር 66 ቀን ሆነ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነበር፤ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። የአካል እንቅስቃሴ የመረጡት ምግብ ወይም መጠጥ ከመረጡት ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ በሦስተኛው ሳምንት ዮጋው ገና የሚከብድዎ ከሆነ ምንም አልተበላሸም፤ ጊዜው ገና ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን እድገት ያን ያህል አልጎዳውም። ጎጂው አንድ ቀን መቅረቱ ሳይሆን "አንዴ ተበላሽቷል" ብሎ ሁሉንም መተው ነው።

ምን ላይ እንሰረው?

"ጊዜ ሳገኝ እሠራለሁ" የሚል ሰው ጊዜ አያገኝም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንዳሳየው "እንዲህ ሲሆን፣ ያንን አደርጋለሁ" ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው በደፈናው ካሰበው ይልቅ ሐሳቡን የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አምስት ወቅት የሚሰግደውም ሆነ ኪዳን የሚያደርሰው ሰው በየቀኑ ከራሱ ጋር ሙግት አይገጥምም። ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል፤ ውሳኔው አስቀድሞ አልቋል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ ታግዛለች። ለንደን ላይ የፀሐይ መውጫ በበጋና በክረምት መካከል ከ3 ሰዓት በላይ ይለዋወጣል። አዳማ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጥሩ ማሰሪያ ማለት ይህ ነው፤ ማንቂያ ደወልም አያስፈልገው። በዚያ ላይ የንጋቱ አየር ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ሆድም ባዶ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀትር ላይ መሥራት ግን ላብና ድካም ብቻ ያተርፋል። ውጭ ለመሥራት ካሰቡም የአዳማን ነፋስና አቧራ አይርሱ፤ ከከተማው ዳር የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም።

ንጋቱ ካልተመቸዎት ሌላ ማሰሪያ አለ። ለምሳሌ፦

- ፊቴን ታጥቤ እንደጨረስኩ፣ ቁርስ ሳልቀምስ፤
- ጀበናው ከሰል ላይ ተጥዶ እስኪፈላ፤
- ማታ ባጃጇን አቁሜ ቤት እንደገባሁ፣ ስልኬን ከመክፈቴ በፊት።

አንዱን ብቻ ይምረጡ። ከባድ ምግብ ከበሉ በኋላ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ይቆዩ። ረመዳንን የሚጾሙ ከሆነ ቀኑ ሲጋል ከመሥራት ይልቅ ከሱሁር በፊት ወይም አፍጥረው ምግቡ ከረጋ በኋላ ይሻላል።

መጀመሪያ አከርካሪዎን ይጠይቁ

አሁን ወደ ውሃው ነገር እንመለስ። የስምጥ ሸለቆ ዓለት እሳተ ገሞራ የፈጠረው ነው። በዚህ ዓለት ውስጥ የሚያልፍ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይሸከማል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖረው ይመክራል፤ ብዙ የአካባቢያችን ጉድጓዶች ግን ከዚያ በላይ አላቸው። ጥርስን ሲያበልዝ ሁላችንም አይተናል። የማይታየው ጉዳት አጥንት ላይ ያለው ነው። ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ ፍሎራይዱ አጥንት ውስጥ ይከማቻል፣ ጅማቶችን ወደ አጥንትነት ይለውጣል፣ አከርካሪን ያደርቃል። በወንጂ ሸዋ ስኳር ልማት ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ በጠጡ ሠራተኞች ላይ ይህ የአጥንት ፍሎሮሲስ የተመዘገበው ገና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። አንዳንዶቹ ላይ የኅብለ ሰረሰር ነርቭ እስከ መጫን ደርሷል።

ይህ ከዮጋ ጋር ምን አገናኘው? የዮጋ ቪዲዮ "አልተሳሳብክም፣ ትንሽ ጨምር" ይልዎታል። የደረቀው ጡንቻ ከሆነ ምክሩ ከልክ እስካላለፈ ድረስ ይሠራል። የደረቀው አጥንትና ጅማት ከሆነ ግን መግፋት አደጋ ነው። በመስክ ጥናት ላይ ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው ሦስት ቀላል እንቅስቃሴዎች አሉ፤ ሳያስገድዱ ይሞክሯቸው።

1. ቆመው፣ ጉልበትዎን ሳያጥፉ ጎንበስ ብለው ወለሉን ወይም የእግር ጣትዎን ለመንካት ይሞክሩ።
2. አገጭዎን ወደ ደረትዎ ያምጡ።
3. ክንዶችዎን ወደ ጎን ዘርግተው፣ ከዚያ ክርንዎን አጥፈው ማጅራትዎን ይንኩ።

አለመቻል ብቻውን ፍሎሮሲስ አለብዎ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጤነኛ ሰው የእግር ጣቱን አይነካም። ነገር ግን ያደጉት ወይም ረጅም ዘመን የኖሩት የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣበት አካባቢ ከሆነና አንገትዎ ወይም ጀርባዎ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ አልታጠፍ ካለ፣ ወይም እጅ እግርዎን የሚያደነዝዝና የሚያዝል ከሆነ፣ ከዮጋው በፊት ሐኪም ይይዎት። በተለይ በጭንቅላት መቆምና አንገት ላይ ክብደት የሚጥሉ አቋሞች ለእርስዎ አይደሉም። የደም ግፊት ወይም የግላኮማ ሕመም ያለባቸውም ከእነዚህ ይራቁ። ነፍሰ ጡሮች ከመጀመራቸው በፊት የሚከታተላቸውን ባለሙያ ያማክሩ።

10 ደቂቃው

የሚከተለውን በቃልዎ ይያዙት። በቃል የተያዘ ነገር መብራት ሲጠፋ አይቋረጥም፣ ዳታም አይበላም። ሰሌን ሊሾው ሲሚንቶ ላይ ስለሚንሸራተት ከሥሩ ላስቲክ ነገር ያድርጉበት፤ ጉልበትዎ ሥር ደግሞ የታጠፈ ጋቢ።

- ትንፋሽ፣ 2 ደቂቃ። በርጩማ ላይ ወይም መሬት ቀጥ ብለው ይቀመጡ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይመጣል።
- ድመትና ላም፣ 1 ደቂቃ። በእጅና በጉልበት ተደግፈው፣ ሲያስወጡ ጀርባዎን ወደ ላይ ያጉብጡ፣ ሲያስገቡ ቀስ ብለው ወደ ታች ይልቀቁ።
- ወደ ፊት እርምጃ፣ 2 ደቂቃ። አንድ ጉልበት መሬት፣ ሌላው እግር ከፊት። ዳሌዎን ወደ ፊት ሲያስጠጉ የኋለኛው ጭን ፊቱ ይሳሳባል። ለአንዱ እግር 1 ደቂቃ። ተቀምጦ ለሚውል ሰው ዋናው ይህ ነው።
- ግድግዳ መደገፍ፣ 1 ደቂቃ። መዳፍዎን ግድግዳ ላይ አድርገው ወደ ኋላ ይራመዱ፤ ጀርባዎ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ይሁን።
- ተኝቶ እግር ማንሳት፣ 2 ደቂቃ። በጀርባዎ ተኝተው ነጠላ ወይም ሻሽ በውስጥ እግርዎ አሳልፈው አንዱን እግር ያንሱ፣ ከዚያ ሌላውን።
- ዕረፍት፣ 2 ደቂቃ። በጀርባ ተንጋልሎ ምንም አለማድረግ። ይህንን አይዝለሉት።

በነጠላ መርዳት ሰበብ ፍለጋ አይደለም። ታዋቂው ሕንዳዊ መምህር ቢ. ኬ. ኤስ. አይንጋር ወንበር፣ ቀበቶና ጡብ እያስደገፈ ያስተምር ነበር። ሹል የሆነ ሕመም ከተሰማዎ ግን ያቁሙ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ይህች 10 ደቂቃ አትተካውም፤ የእግር ጉዞው ይቀጥል።

ሃይማኖቴስ?

ይህ ጥያቄ በየቤቱ ስላለ አንሸሸውም። ዮጋ የተወለደው በሕንድ ሃይማኖቶች ውስጥ ነው። ዛሬ በቪዲዮ የምናያቸው ብዙዎቹ የአካል እንቅስቃሴዎች ግን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሕንድ ማይሶር ያስተምር ከነበረው ክሪሽናማቻርያና ከተማሪዎቹ በኩል የተስፋፉ ናቸው። የሃይማኖት ተቋማትም አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። የማሌዢያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት በ2008 የአምልኮ ቃል ያለበትን ዮጋ ለሙስሊሞች ከለከለ፤ ሳዑዲ ዓረቢያ በ2017 ዮጋን እንደ ስፖርት ፈቀደች። ከላይ ያስቀመጥነው 10 ደቂቃ ዜማም ማንትራም የለበትም። ቢሆንም ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ ልብዎ ካላረፈ የንስሐ አባትዎን፣ ሼኽዎን ወይም ፓስተርዎን ይጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ አነስተኛ የጣሊያን ጥናት እዚህ ላይ ይነሳል። 23 ጤነኛ ሰዎች አንዴ የካቶሊክ የመቁጠሪያ ጸሎት፣ አንዴ የዮጋ ማንትራ ደገሙ። በሁለቱም ጊዜ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ወረደ፤ የደም ግፊትን የሚያስተካክለው የሰውነት ምላሽም ጠነከረ። ልብና ሳንባ የሚያዩት የትንፋሹን ምት ነው ማለት ነው። ዮጋው ካልተስማማዎት፣ ረጋ ብሎ የሚደርስ የራስዎ ጸሎትና ተራ የጀርባ ስፖርት ተመሳሳይ መንገድ ይወስዱዎታል።

ከዛሬ ይጀምሩ፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር ያስፈርሙ

የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 66 ቀን ማለት ሁለት ወር ከ6 ቀን ነው። መስከረም 1 የጀመረ ሰው ኅዳር 6 ይደርሳል። የሠሩበትን ቀን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት። የለቅሶ ቀን፣ የሠርግ ቀን፣ የሕመም ቀን ይኖራል፤ ባዶ ይለፍ። ጊዜ ባጠረዎት ቀን የትንፋሹን 2 ደቂቃ ብቻ ይሥሩ፤ ማሰሪያው እንዳይላላ እሱም ይበቃል። ካላንደሩ ላይ ባዶ ቦታ ካዩ የሚጠበቅብዎ አንድ ነገር ነው፦ በማግስቱ፣ ያው ሰዓት ሲደርስ፣ ሰሌኑን መዘርጋት።