ተንቀሳቃሽ አማካይና የጊዜ ገደብ ያለው የአክሲዮን መብት

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአክሲዮን ዋጋ ጥናት ለእኛ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ በአሜሪካ ገበያ እጅግ የተለመደውን አንድ የስሌት ዘዴ፥ ይኸውም ተንቀሳቃሽ አማካይ የተባለውን፥ መመርመር ይጠቅማል ብለን አሰብን። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ አክሲዮን ለሚገዛ ሰው የሚያገለግለው ምልክት ኦፕሽን ለሚገዛውም እኩል ያገለግላልን?

ስሌቱ ቀላል ነው። የአንድ አክሲዮን የአምስት ቀን መዝጊያ ዋጋ 100፥ 101፥ 102፥ 103 እና 104 ዶላር ቢሆን አማካዩ 102 ነው። በማግሥቱ 105 ሲገባ 100 ይወጣል፤ አማካዩም 103 ይሆናል። ተንቀሳቃሽ መባሉም ስለዚህ ነው። ዋጋው ከአማካዩ በላይ ሲያልፍ «ግዛ»፥ ከበታቹ ሲወርድ «ሽጥ» ይባላል። ነገር ግን አማካዩ ያለፈውን ዋጋ ስለሚሰበስብ ምልክቱ ዘግይቶ ይደርሳል። ለብዙ ወራት በቀን 1 ዶላር ሲወርድ የቆየ አክሲዮን ተመልሶ በቀን 1 ዶላር መውጣት ቢጀምር፥ የ20 ቀኑን አማካይ የሚያልፈው በ6ኛው፥ የ50 ቀኑን ደግሞ በ15ኛው የገበያ ቀን መሆኑን አስልተን አግኝተናል።

ኦፕሽን ማለት አንድን አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ለመግዛት ወይም ለመሸጥ የሚያስችል፥ ነገር ግን የማያስገድድ መብት ነው። የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1973 በ16 አክሲዮኖች የመግዛት መብት ሥራውን ጀመረ፤ የመሸጥ መብት በ1977 ተጨመረ። አንድ ውል እንደ ልማዱ 100 አክሲዮን ይይዛል። እንግዲህ አንድ ሰው በ100 ዶላር ለመግዛት የሚያስችለውን የ30 ቀን መብት ለእያንዳንዱ አክሲዮን 3 ዶላር፥ በጠቅላላው 300 ዶላር ከፍሎ ያዘ እንበል። በመጨረሻው ቀን ዋጋው 102 ቢሆን፥ አክሲዮኑን ራሱን በ100 የገዛው ሰው ከእያንዳንዱ 2 ዶላር ያተርፋል፤ ባለ መብቱ ግን 200 ዶላር ብቻ አግኝቶ 100 ይከስራል። አቅጣጫውን ሁለቱም በትክክል ዐውቀዋል፤ የለያያቸው ለጊዜ የተከፈለው ዋጋ ነው።

የምልክቱ መዘግየት ባለ አክሲዮኑን ከትርፉ ያጎድለዋል፤ ነገር ግን ቢጠብቅ የሚያልቅበት ውል የለም። የኦፕሽን የጊዜ ዋጋ ግን ዕለት ዕለት ይሟሟል፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ከውሉ ዋጋ ጋር ሲቀራረብም ወደ ማብቂያው ቀን መሟሟቱ ይፈጥናል። ደግሞም ገበያው አቅጣጫ አጥቶ ሲዋዥቅ የሐሰት ምልክት ይበዛል፤ በየምልክቱም አዲስ የመብት ዋጋ ይከፈላል።

ምልክቱ ራሱ ምን ያህል ይታመናል? ብሮክ፥ ላኮኒሾክና ለባሮን እ.ኤ.አ. በ1992 ከ1897 እስከ 1986 የነበረውን የዳው ጆንስ መለኪያ መርምረው፥ ከ«ግዛ» በኋላ የተገኘው ትርፍ ከ«ሽጥ» በኋላ ከተገኘው እንደሚበልጥ አሳዩ። ሱሊቫን፥ ቲመርማንና ኋይት ግን በ1999 ባወጡት ጥናት፥ የቀድሞው ምርጥ ደንብ በቀጣዮቹ ዐሥር ዓመታት ብልጫውን እንዳልደገመ አገኙ።

ከዚህ የምንደርስበት ነገር፥ አማካዩ አቅጣጫን እንጂ ጊዜን አይናገርም የሚል ነው። ኦፕሽን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገር ያስላ፤ ምልክቱ ስንት ቀን እንደሚዘገይና፥ ከምልክቱ በኋላ የሚቀረው የዋጋ ጉዞ ከማብቂያው ቀን በፊት የከፈለውን ይመልስ እንደ ሆነ። ለረጅም አማካይ ረጅም ውል ይስማማል፤ ረጅም ውል ግን ውድ ነው። ይህን ሳይመዝን የሚገዛ ሰው አቅጣጫውን ዐውቆም ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል።