ፋኤቶን፣ ተወርዋሪ ኮከብ የሚዘራው ዓለት

ጀሚኒድስ የሚባሉት ተወርዋሪ ከዋክብት በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 እና 5 ገደማ ይዘንባሉ። ስማቸው የአውደ ነገሥት አንባቢ ገውዝ ብሎ ከሚያውቀው ከጀሚኒ አቅጣጫ የሚመጡ ስለሚመስሉ ነው። የነሐሴዎቹ ፐርሴይድስ በዓለም ይበልጥ ዝነኞች ናቸው፤ አገር ቤት ላለ ሰው ግን ዝናው ምን ይፈይዳል? የክረምቱ ደመና ጋርዷቸው ያልፋሉ። ታኅሣሥ በጋ ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ገውዝም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ወደ አናት ይወጣል።

ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ከአሸዋ ቅንጣት እስከ ሽምብራ የሚያክል የጠፈር ብናኝ ከባቢ አየር ውስጥ ሲገባ የሚፈጥረው ብርሃን ነው። ብናኙን የሚረጩት አብዛኛውን ጊዜ ጅራታም ኮከቦች ናቸው። ፀሐይን ሲጠጉ በረዷቸው ይተንና አቧራ ይለቃሉ፤ አቧራው በምህዋራቸው ላይ ይበተናል፤ መሬትም በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ታቋርጠዋለች። ጀሚኒድስ ግን ከ1860ዎቹ ጀምሮ ቢታወቁም ወላጃቸው ሳይገኝ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1983 ሳይመን ግሪን እና ጆን ዴቪስ አይራስ የተባለች ሳተላይት ከላከችው መረጃ ውስጥ አንድ ፈጣን አካል አገኙ። ምህዋሩ ከጀሚኒድስ ጋር እንደሚገጥም ያስተዋለው ፍሬድ ዊፕል ነበር፤ ጅራታም ኮከብ አቧራ የተቀላቀለበት በረዶ ነው ሲል ያስረዳው ራሱ ዊፕል። የተገኘው ግን ስፋቱ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ዓለት፣ አስትሮይድ ሆነ።

ስሙን ፋኤቶን አሉት፤ በግሪኮች አፈ ታሪክ የፀሐይን ሠረገላ መንዳት አቅቶት ምድርን ያቃጠለው ልጅ ነው። (ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ፣ የእናቱን ባል የኢትዮጵያ ንጉሥ ያደርገዋል።) ስሙ ይስማማዋል። በ524 ቀናት አንዴ ፀሐይን ሲዞር እስከ 21 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ይጠጋታል፤ ገጹም ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል።

በረዶ የሌለው ዓለት ታዲያ ይህን ሁሉ አቧራ ከየት አመጣው? ስቴሪዮ የተባሉት መንኮራኩሮች እ.ኤ.አ. በ2009 ፀሐይ አጠገብ ሲደርስ ደመቅ ሲል አዩት፤ ትንሽ ጅራትም ታየለት። ሙቀቱ ድንጋዩን እየሰነጠቀ አቧራ ያወጣል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ግን ጅራቱ ሶዲየም ጋዝ እንጂ አቧራ አለመሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት በፓርከር መንኮራኩር መረጃ የሠሩ ተመራማሪዎች ደግሞ፣ ብናኙ ቀስ በቀስ የወጣ ሳይሆን እንደ ግጭት ባለ ድንገተኛ አደጋ የተበተነ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። ለእኔ ይኸኛው ይበልጥ አሳማኝ ነው፤ ዛሬ ከፋኤቶን የሚወጣው ለዚህ ሁሉ ዝናብ አይበቃምና።

ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ጀሚኒድስ በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ይበራሉ፤ ይህ ከፐርሴይድስ በጣም ያነሰ ፍጥነት ስለሆነ ዓይን ተከትሏቸው ይደርሳል። ከከተማ መብራት ራቅ ብሎ በጀርባ መጋደምና ሞባይሉን አጥፍቶ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ መታገሥ በቂ ነው። ጋቢ አይረሳ፤ የታኅሣሥ ቁር ቀልድ አያውቅም።