ያልተለካ ቀን



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ሰው በሥራ ላይ ስለሚያገኘው መምህር ነው። ስለ ጉዳዩ በጥቅሉ ለመናገር የሚበቃ ነገር የለኝም፤ ስለ አንድ ሰው ግን አለኝ። በ1985 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ፣ የወንዞች ፍሰት መረጃ በሚሰበሰብበት አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ። የክፍሉ ኃላፊ ዕድሜያቸውን በወንዝ ዳር ያሳለፉ፣ ዲግሪ ያልነበራቸው ሰው ነበሩ። ጋሼ እንላቸው ነበር።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አስቀድሜ ስለ ሥራው ጥቂት ላስረዳ። አንድ ወንዝ ስንት ኪዩቢክ ሜትር ውሃ እንዳሳለፈ በየቀኑ የሚለካ የለም። በየቀኑ የሚታየው የውሃው ከፍታ ነው፤ በአካባቢው የሚኖር አንድ ሰው ጠዋትና ማታ ወርዶ ከተተከለው ባለቁጥር ዘንግ ላይ ያነብባል። ባለሙያዎች ደግሞ በዓመት ጥቂት ጊዜ ሄደው የወንዙን ስፋት፣ ጥልቀትና የውሃውን ፍጥነት ይለካሉ። ፍጥነቱ የሚለካው ከውሃው ገጽ ወደ ታች፣ ከጥልቀቱ ስድስት ዐሥረኛው ላይ ነው፤ ውሃው ጥልቅ ከሆነ በሁለት ዐሥረኛውና በስምንት ዐሥረኛው ላይ ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል። ከእነዚህ ልኬቶች ከፍታን ወደ ፍሰት የሚመነዝር ኩርባ መስመር ይሣላል። የኩርባው ታችኛው ክፍል በብዙ ልኬት የተደገፈ ነው። የላይኛው ጫፍ ግን፣ በጎርፍ ጊዜ መለኪያ ይዞ የሚቀርብ ስለሚያንስ፣ ብዙውን ጊዜ በግምት የተዘረጋ ነው። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ደግሞ አጥብቆ የሚፈልገው ያንኑ ጫፍ ነው።

በተቀጠርሁ በዓመቱ፣ ለአንድ ድልድይ ንድፍ የሚሆን ሠንጠረዥ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። በነሐሴ ወር ውስጥ ስድስት ቀናት ባዶ ነበሩ። ከፊትና ከኋላ ያሉትን ቁጥሮች በቀጥታ መስመር አገናኝቼ ሞላኋቸው፤ ሠንጠረዡም ተፈርሞበት ወጣ። ከሳምንታት በኋላ ጋሼ ቅጂውን ሲያገላብጡ ጣታቸውን ነሐሴ ላይ አሳረፉ።

«ይህን ማን ለካው?»

«በስሌት ሞላሁት፣ ጋሼ።»

«ማን እንደለካው ነው የጠየቅሁህ።»

በማግስቱ በመኪና ይዘውኝ ወረዱ። ንባቡን የሚወስዱት አረጋዊ ገበሬ ወንዙ ዳር ወዳለ አንድ ሾላ ወሰዱን። ከቅርንጫፉ ላይ ጎርፍ ያመጣው ገለባና ጭቃ ተጣብቆ ደርቋል። «ልጄ፣ ዘንጉ ራሱ ውሃ ውስጥ ነበር፤ ምኑን ላንብብ?» አሉኝ። ከጭቃው ምልክት እስከ ዘንጉ ድረስ ከፍታውን ስንለካ፣ እኔ ከጻፍሁት ትልቅ ቁጥር ከሁለት ሜትር በላይ ይበልጥ ነበር።

ያን ቀን የተረዳሁትን እስከ ዛሬ በክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። በክረምት የጎደለ ንባብ ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ የጎደለ አይደለም። ሰውዬው ያላነበቡት ውሃው ስለሞላ ነው፤ ስለዚህ ባዶው ቦታ የዓመቱ ትልቁ ቁጥር የሚገኝበት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ መስመር መሳብ ጎርፉን ከመዝገብ መፋቅ ነው። ድልድዩ በእኔ ቁጥር ቢሠራ የውሃ መተላለፊያው ይጠብ ነበር።

ጋሼ እንደተመለስን ሠንጠረዡን የሚሽር ደብዳቤ ጻፉ። «ሳላጣራ ፈርሜአለሁ» ይላል፤ የእኔ ስም የለበትም። በስብሰባ ላይ በበላይ ኃላፊው ክፉኛ ተወቀሱ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ዝም አልሁ። ከአዳራሹ ስንወጣ የነገሩኝ የነገውን የመስክ ቅጽ እንዳልረሳ ብቻ ነበር።

ለረጅም ጊዜ እኔን ለመሸፈን ያደረጉት መስሎኝ ነበር። ደብዳቤውን ቆይቼ ደግሜ ሳነብበው ግን አንድም የተጋነነ፣ አንድም የተጨመረ ቃል አላገኘሁበትም። ሳያጣሩ ፈርመዋል፤ የጻፉትም ይህንኑ ነው። የእኔን ድርሻ እኔ ካልጻፍሁት በስተቀር አልጻፉልኝም። የጻፍሁት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እርሳቸው ጡረታ ከወጡ ወዲያ ነው። ማመልከቻዬ በዚያው ፋይል ውስጥ ገባ፤ የተቀበለኝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለምን እንደምጨነቅ አልገባውም። ለጋሼ ግን በሕይወት ሳሉ ሄጄ አልነገርኋቸውም። እዚህ ላይ የምለው የለኝም።

ሁሉ ነገራቸው የሚወረስ ነበር ማለቴ አይደለም። ወጣቶችን በሰው ፊት ይገሥጹ ነበር፤ ይህን አልወደድሁላቸውም፣ ዛሬም አልወደውም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሚያውቁትን አለመጻፋቸው ነው። የትኛው ወንዝ አልጋውን እንደሚለውጥ፣ የትኛው ኩርባ በየስንት ዓመቱ ዳግም መሣል እንዳለበት በቃላቸው ያውቁ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ከእርሳቸው ጋር ሄደ፤ የቀረነው ብዙውን እንደገና ወንዝ ወርደን ለመማር ተገደድን።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቼ ሠንጠረዥ ሲያመጡልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው የተለካውንና የተሞላውን በሁለት ቀለም ለይተው እንዲያሳዩኝ ነው። አንዳንዶች ሥራ ማብዛት ይመስላቸዋል። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ሳልጠይቃት መጥታ፣ «መምህር፣ እነዚህ ዐሥራ አንድ ቀናት ባዶ ናቸው፤ አልሞላኋቸውም» አለችኝ። ወደ ቦታው የሚወስዳት መኪና ከፋኩልቲው ጠየቅን።