በውሃ ውስጥ የገባ ነዳጅ እንዴት ይለካል?

እህላችሁን ለገበያ ስታስመዝኑ አስቀድማችሁ የምታዩት የሚዛኑን ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከተሳሳተ ሚዛኑ ቢያምርም ዋጋ የለውም። ውሃ የሚመረምር ላቦራቶሪም እንደዚሁ ነው። በውሃው ውስጥ የገባውን ናፍጣ ወይም የሞተር ዘይት የሚለካው፥ መጠኑ አስቀድሞ ከታወቀ ዘይት ጋራ እያስተያየ ነው። ይህ የታወቀው ዘይት ማመሳከሪያ ናሙና ይባላል።

ነገሩ እናንተን የሚመለከታችሁ ስለ ምንድን ነው? የውሃ መሳቢያ ሞተር በምንጭ ወይም በወንዝ ዳር ሲቆም፥ ነዳጅ ሲቀዳና ዘይት ሲለወጥ ጠብታው ወደ ውሃው ይወርዳል። በኩልመስክ ዙሪያ ካሉት የላስታ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ወደ ተከዜ ሲጓዝ ደግሞ በታች ያለው ሰውና ከብት ይጠጣዋል።

ዐይን ብቻውን ዳኛ አይሆንም። በውሃ ላይ የሚታይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ሁሉ ነዳጅ አይደለም፤ ብረት ካለበት መሬት የሚወጣ ውሃም እንዲህ ያለ ስልባቦት ያበጃል። በእንጨት ንኩት፤ እንደ ደረቅ ቅርፊት ከተሰባበረ የብረት መሆኑን ያመለክታል፤ ተመልሶ ከገጠመ ግን ነዳጅ ሊሆን ይችላል። በዐይን የማይታየውም ይጎዳል። በቤንዚን ውስጥ የሚገኘውና የደም ካንሰር የሚያስከትለው ቤንዞል፥ የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ የወሰነለት ልክ በ1 ሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ይህም በ100,000 ሊትር ውሃ 1 ግራም ማለት ነው።

ላቦራቶሪው እንዴት ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው አይኤስኦ 9377-2 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እንደሚያዘው፥ ተጨማሪ ቅመም ያልገባባቸው ናፍጣና የሞተር ዘይት በእኩል ክብደት ተቀላቅለው ማመሳከሪያ ይሆናሉ። ከዚህ ድብልቅ ጥቂት፥ መካከለኛና ብዙ የያዙ ናሙናዎች ተሰናድተው በመሣሪያው ያልፋሉ፤ ለእያንዳንዱ የሚታየው ምልክት ይመዘገባል። ከዚያም ከእናንተ ውሃ ተነጥሎ የወጣው ዘይት በዚያው መሣሪያ አልፎ ከነዚህ ጋራ ይመሳከራል። ዘዴው በ1 ሊትር ከ0.1 ሚሊግራም ጀምሮ ይለካል። ቤንዞል ግን ቶሎ ስለሚተን በዚህ ዘዴ አይገኝም፤ የራሱ ማመሳከሪያና የራሱ ጠርሙስ ያስፈልገዋል።

ማመሳከሪያው ትክክል ቢሆንም የተበላሸ ናሙናን አያቃናም። ስለዚህ የልማት ሠራተኞች ይህን ጠብቁ፤

1. ላቦራቶሪው አጽድቶ በሰጣችሁ የ1 ሊትር የመስተዋት ጠርሙስ ቅዱ። ፕላስቲክ ዘይት ይመጥጣል።

2. ጠርሙሱን በወንዙ ውሃ አታለቅልቁ፤ ከአፉም ጥቂት አጉድሉ። ዘይት ከጠርሙሱ ግድግዳ ስለሚጣበቅ፥ ላቦራቶሪው የጠርሙሱን ውሃ በሙሉ ከነእጣቢው ይመረምራል።

3. ቤንዚን ከተጠረጠረ ለዚሁ የተሰጣችሁን ትንሽ ጠርሙስ አየር ሳይቀር እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑ።

4. አንዱን ከሞተሩ በላይ፥ ሌላውን ከሞተሩ በታች ቅዱ። የላይኛው ውሃ ለታችኛው ምስክር ነው። ቦታውን፥ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት።

5. ፀሐይ ሳይነካው፥ በቀዝቃዛ ሣጥን አድርጋችሁ በ4 ቀን ውስጥ እንዲመረመር ቶሎ አድርሱ።

ገበሬዎች ሆይ፥ መልሱ እስኪመጣ ነዳጅ የሚሸተውን ውሃ አትጠጡ፤ ከብትም አታጠጡበት። ማፍላትም ሆነ ክሎሪን ናፍጣን አያጠፋም። ሞተሩን መሳቢያው ጎማ እስከ ፈቀደ ድረስ ከውሃው አርቁ፤ ከሥሩም ጠብታ የሚቀበል ቆርቆሮ አንጥፉ። ነዳጅ የያዘ ጄሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለውሃ አይሁን።